የሻጩ ሰው

ደላላ ሲባል ለብዙው ሰው የሚታየው አፉ የማያርፍ፣ ሻጩን «አባቴ» ገዢውን «ወንድሜ» እያለ በሁለት ቢላዋ የሚበላ ሰው ነው። ይሄ ስም ማጥፋት ነው ብሎ የሚከራከር ካለ ቤት ሸጦ አያውቅም ማለት ነው። የዚህ ታሪክ ባለቤት ግን ከዚያ ወገን አልነበረም። ሠፈሩ የሚያውቀው ሰንዱቅ በሚል ቅጽል ስም ነው። ስሙን ያወጡለት የሙያ ጓደኞቹ ናቸው፤ የሰው ነገር አንዴ ከገባበት አይወጣም፣ ቢያንኳኩትም መልስ የለውም ለማለት ነው። መጀመሪያ ለቀልድ ነበር። ውሎ አድሮ እናት አባቱ ያወጡለትን ስም የሚያስታውስ ጠፋ፣ እሱም ስልክ ሲያነሳ «ሰንዱቅ ነኝ» ማለት ጀመረ።

ቢሮው ከቁልፍ ሠሪው ሱቅ ጎን ያለች አንዲት ክፍል ናት። መስታወቷ ላይ የሚሸጡ ቤቶች ፎቶ ተለጥፏል፤ ፀሐይ ቀለማቸውን ስለበላችው ሁሉም ቤት ሰማያዊ መስሏል። የሚኖረው ደግሞ ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ሁለተኛ ፎቅ ላይ በተከራያት ክፍል ውስጥ ነው። ስንቱን ባለቤት ያደረገ ሰው ራሱ ተከራይ ነው ብለው ሲተርቡት «የሰው ቤት አይቼ ስለጠገብኩ ነው» ይላቸዋል። ውሸቱን ነው። ቤት ያልገዛው ለአንድ ሰው ስለሚበዛ ነው፤ ይቺ አንዷ ክፍል እንኳን ሞልታለት አታውቅም። ሲገባ ከመብራቱ በፊት ሬዲዮኑን ይከፍታል። ዜናው ግድ ሰጥቶት አይደለም፣ ቤት ውስጥ የሚያወራ ሰው እንዲኖር ነው።

ሚስት ነበረችው። ማታ ሲገባ «ዛሬ እንዴት ዋልክ?» ትለዋለች፣ የዋለበት ሁሉ የሰው ገመና ነውና «ደህና» ይላታል። የሚፋቱ ባልና ሚስት ቤት ሲያሳይ ውሎም «ደህና»፣ ቤቱን በዕዳ የሚያጣ ሰው ደረቱ ላይ ሲያለቅስበት ውሎም «ደህና»። በመጨረሻ «ባል ያገባሁ መስሎኝ መዝጊያ አገባሁ» ብላ ሻንጣዋን ይዛ ወጣች። ሳትጣላው ነው የሄደችው፣ እሱን ያንገበገበውም ይሄው ነው። ኋላ ያገባችው ሰውዬ ፀጉር አስተካካይ ነው ይባላል፤ ካወራ ማን ያስቆመው!

ሙያውን ያስተማረው አሁን በሕይወት የሌለ አንድ ሽማግሌ ደላላ ነበር። ሽማግሌው ለሁሉም ነገር ተረት አያጣም። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም ይለው ነበር። ሻጩ ከቀጠረህ የሻጩ ነህ፤ ለምን እንደሚሸጥ፣ ምን ያህል እንደቸገረው፣ እስከ ስንት እንደሚወርድ ለወለደችህ እናትም አትናገርም። ስለ ገዢው የሰማኸውን ደግሞ ከሻጩ አትደብቅም፣ ሰውዬው ሲቀጥርህ ጆሮህንም ጭምር ነው የቀጠረው። ለገዢው ያለብህ አትዋሸው፣ የተሰነጠቀውን ግድግዳ በመጋረጃ አትሸፍንበት፣ ይኸው ነው። እውነት ለማንም ነው፣ ታማኝነት ግን ለአንድ ሰው ነው። ከሁሉም በፊት ደግሞ ቤቱን ከማሳየትህ አስቀድሞ ራስህን አሳይ፤ ሰው ማን ፊት እንደቆመ ሳያውቅ አፉን እንዳይከፍት።

ስለዚህ ሰንዱቅ ቁልፉን ከመሰካቱ በፊት በር ላይ ቆሞ ሁልጊዜ የሚናገራት ነገር ነበረችው። «እኔ የሻጩ ሰው ነኝ። የሚነግሩኝን ለእሱ እነግራለሁ። የልብዎን ለራስዎ ይያዙት።» አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ ይቆጣል፤ ሁሉም ግን ከዚያ በኋላ አፉን ይለጉማል። ባልና ሚስት ከሆኑ ጓዳ ገብተው ይንሾካሾካሉ፣ እሱ ሲጠጋቸው ስለ አየሩ ያወራሉ። እንዲህ እንዲህ እያለ ዕድሜውን በሰው ቤት መስኮት አጠገብ ውጪ ውጪውን እያየ ፈጀው። ዝም አይነቅዝም ይባላል። ተረቱን ያወጣው ሰው ብዙ ዝም ብሎ አያውቅም መሰል፤ ይነቅዛል።

በዚያን ዓመት ክረምት ሊገባ ሲል አንድ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ቤቱን ሽጥልኝ ብሎ መጣ። ሚስቱ ሞታለች፣ ልጅ አልወለዱም፣ ወደ አረጋውያን ማረፊያ ሊገባ ነው። ያወራው ይሄንኑ ብቻ ነው፤ እሱንም ግድግዳውን እያየ። ቤቱ ምድር ላይ ያረፈ፣ ደረጃ የሌለው፣ ሦስት ክፍልና አንዲት ትንሽ ግቢ ያለው ነው። ሰንዱቅ ሊያየው ሲሄድ ሾፌሩ ግቢው ውስጥ ወንበር ላይ ጀርባውን ሰጥቶት ተቀምጦ ነበር፣ ሰላምታውንም በትከሻው ነው የመለሰለት። ዕድሜ ልኩን ተሳፋሪ ከጀርባው አድርጎ ስለኖረ ይሆናል፤ ሰው ፊት ለፊቱ ሲመጣ አይመቸውም።

የጀርባው ክፍል ግድግዳ ክረምት ክረምት ውሃ ያዝላል። ሾፌሩ ከጠየቁ ንገር፣ ካልጠየቁ የራሳቸው ጉዳይ አለው። ሰንዱቅ ሳይጠይቁም እናገራለሁ፣ ይሄ ካልተስማማዎት ሌላ ደላላ ይፈልጉ ሲለው ሾፌሩ ዞር ብሎ አየው። «ንገር እንግዲያው» አለና መልሶ ጀርባውን ሰጠው። ውላቸው በዚህ ተጠናቀቀ።

አንዲት ነርስ ቤቱን ልታይ የመጣች ቀን ዝናቡ ሰማይ የተቀደደ ያስመስል ነበር። ከሌሊት ሥራዋ በቀጥታ ነበር የመጣችው፣ ከካፖርቷ ሥር ነጭ ልብሷ ይታያል። አውቶቡስ አጥታ ስለዘገየች ሰንዱቅ የግቢው በር ላይ ቆሞ እስከ ካልሲው ርሷል። አፉን ለመክፈት ፋታ አልሰጠችውም። ይቅርታውን አከታትላ፣ ቦርሳዋን ከፍታ፣ ፔርሙዟን አውጥታ በክዳኑ ሻይ ቀዳችለት። «መጀመሪያ ይሄን ይጠጡ፣ ብርዱ ሊገድልዎት ነው» አለችው። እንግዲህ እንዳይበርደው ያሰበለት ሰው ካጣ ስንት ዘመኑ ነው? ያቺ በር ላይ የሚናገራት ነገር ምላሱ ጫፍ ደርሳ ነበር፣ ከሻዩ ጋር ዋጣት። ስንወጣ እነግራታለሁ አለ በሆዱ።

ክፍሎቹን አሳይቷት የጀርባው ክፍል ሲደርሱ እንደ ልማዱ ቁምሳጥኑን ገፋ አደረገና ያዘለውን ግድግዳ አሳያት። ክረምት ላይ ይብሳል፣ የሚያድሰውም ሰው ቀላል ሥራ አይሆንለትም አላት። እሷ ግድግዳውን አየች፣ ቀጥሎ እሱን አየችው። ብዙ ቤት አይታ ነበር፣ ቁምሳጥን የሚገፋ ደላላ ግን አጋጥሟት አያውቅም። ስህተቷ እዚህ ላይ ነው፤ በእሷ ግን አይፈረድም። ለማንም መንገደኛ የሚገባውን እውነት ለእሷ ብቻ የተደረገ ውለታ አድርጋ ወሰደችው። ይሄ ሰውዬ የእኔ ሰው ነው አለች። ሲወጡ ዣንጥላዋን ከእሱ ጋር ተካፍላ እስከ ዋናው መንገድ ሸኘችው፣ እሱም ያልነገራትን ነገር ይዞ ከዣንጥላዋ ሥር ሄደ።

ጠዋት ለመናገር የከበደ ነገር ከሰዓት በኋላ ይብሳል። በሁለተኛው ጊዜ እናቷን ይዛ መጣች። እናትየው ጉልበታቸው የደከመ፣ አምስተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ፣ መንገድ ከወረዱ ወራት ያለፋቸው ሴት ናቸው። ከግቢው በር እስከ ማዕድ ቤቱ አንድም ደረጃ ሳይረግጡ ሲደርሱ ቆም ብለው ብቻቸውን ሳቁ። ከዚያ ሰንዱቅን «ልጄ፣ ቁርስ በልተሃል?» አሉት። በልቻለሁ ቢላቸውም አላመኑትም። ሌላ ቀን ደግሞ ነርሷ ብቻዋን ለመጋረጃ ልኬታ መጣች፣ ሜትሩን አንድ ጫፍ እሱ ያዘላት። ሾፌሩ ይሄ ሁሉ ሲሆን ግቢው ውስጥ ጀርባውን ሰጥቶ ይቀመጣል።

ሰንዱቅም መላጨት አዘወተረ። ቁልፍ ሠሪው አይቶት «ምነው፣ ሰንዱቁ ተከፈተ እንዴ?» ብሎ ተረበው፣ እሱ ግን አልከፋውም። ነርሷ እርስዎ ማለቷን ትታ ጋሼ እያለች በአንተ ትጠራው ጀመር። እየሳቀች የምታወራለት ስለ ሌሊቱ ነው። እሷ ሆስፒታል ስታድር እናቷ ብቻቸውን ያድራሉ፣ እንቅልፍ እምቢ ሲላቸው የምትሠራበት ክፍል ድረስ ይደውሉና «ጨዉን የት ነው ያስቀመጥሽው?» ይሏታል። ጨው በዚያ ሰዓት ለምን እንደሚፈልጉ እሷም አትጠይቅ እሳቸውም አይናገሩ። «መደርደሪያው ላይ ነው እማዬ» ትላለች፣ ትንሽ ይቆያሉ፣ ይዘጋሉ። እሱም በተራው ስለ ሚስቱ ነገራት፣ ስለ መዝጊያውም ጭምር፣ ለሰው ሲናገረው የመጀመሪያው ነበር። እሷ መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥላ እጇን ክንዱ ላይ አሳረፈች። ያን ቀን ቤቱ ገብቶ ሬዲዮኑን ሳይከፍት አመሸ።

ልናገር ልናገር እያለ እንዲህ ሰነበተ። ዛሬ ደክሟታል፣ ዛሬ እናቷ አሉ፣ ዛሬ ደስ ብሏታል። ሰበብ ለሚፈልግ ሰው ሰበብ ሞልቷል። እውነቱ ግን አጭር ነው። ያቺን ነገር ከተናገረ እሷም እንደ ሌላው ሰው አፏን ትለጉማለች፣ እሱም ተመልሶ መስኮት አጠገብ ይቆማል። ይሄን ፈርቶ ነው።

የፈራው በሌላ መንገድ መጣ። አንድ ከሰዓት በኋላ አውቶቡስ ማቆሚያው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ሳለ ቤቱን ልትገዛ መቁረጧን ነገረችው። ለሾፌሩ የሚያቀርብላትን ዋጋ ተናገረች፣ ዝቅ ያለ ነው፣ ለመነሻ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ጋሼ፣ አንተን ምን እደብቅሃለሁ» አለችው። ባንኩ የፈቀደላትን የመጨረሻውን ልክ ነገረችው። «እዚያ ድረስ ከሄድኩ ቤቱን አገኘዋለሁ፣ ግን የሌሊቱን ሥራ መተው አልችልም። ከዚያ በታች ካለቀልኝ ቀን ቀን ብቻ እሠራለሁ፣ እማዬም ሌሊት ብቻዋን አታድርም። እንግዲህ አንተ አለህልኝ፣ እንደምንም ብለህ አስጨርስልኝ።»

አውቶቡሷ መጣ፣ ተሳፈረች፣ በመስኮቱ እጇን አወዛወዘችለት። ሰንዱቅ አግዳሚው ላይ እንደተቀመጠ ቀረ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ያልተባለ ማድረግ አይቻልም። አልሰማሁም ቢል ሾፌሩን መዋሸት ነው፣ ሾፌሩ ደግሞ ቤቱን ብቻ ሳይሆን መጦሪያውን ነው በእጁ የሰጠው። ሥራውን ልተው ብሎ ቢወጣም ቀድሞ የሰማውን የሰማ ጆሮ ይዞ ነው የሚወጣው፣ ሾፌሩንም መሃል መንገድ ጥሎት። ሁሉም የእሱ ጥፋት ነበር። በር ላይ ሦስት ዓረፍተ ነገር ተናግሮ ቢሆን ኖሮ እሷም ቁጥሯን ለራሷ ትይዝ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ነርሷ ከሥራ ስትወጣ ሆስፒታሉ በር ላይ ጠበቃት። ስታየው ፊቷ በራ፣ ሾፌሩ እሺ ያለ መስሏት ነበር።

«አንድ ነገር ልነግርሽ ነው» አላት። «እኔ የሻጩ ሰው ነኝ። እሱ ነው የቀጠረኝ። የመጀመሪያው ቀን በር ላይ ልነግርሽ ይገባ ነበር።»

ሳቀች። ደላላ ከሻጭ እንደሚከፈለው ማን አጣው፣ አለችው። እንዲያ ማለቴ አይደለም አላት። የሰማሁትን ለእሱ መንገር አለብኝ ማለቴ ነው። ሳቋ ወዲያው አልጠፋም፣ ፊቷ ላይ ትንሽ ቆየ፣ ቀስ ብሎ ነው የሄደው።

«ነገርከው?»

«ገና ነኝ።»

«ትነግረዋለህ?»

«ከጠየቀኝ አልዋሸውም። እንዳይጠይቀኝ ልለምነው እየሄድኩ ነው።»

ሰው በአጠገባቸው እየተጋፋ ያልፋል። እሷ የቦርሳዋን ማንገቻ በሁለት እጇ ይዛ መሬት መሬት ታያለች።

«ቁምሳጥኑን የገፋኸውስ?» አለችው።

«እሱማ ለማንም የማደርገው ነው።»

«ለማንም» አለች። ከነገራት ሁሉ የከፋው ይሄ ሆነባት። ዋጋዋን ከማወቁም፣ ከማታለሉም በላይ ያ ነገር ለእሷ ብቻ አለመሆኑ ነው አንጀቷን ያሳረረው። እሱም አሁን ገባው፣ ግን ጅብ ከሄደ ነው። ሌላ ሳትናገር መንገዱን ተሻገረች።

ሾፌሩ እንደ ወትሮው ግቢው ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ሰንዱቅ ከጀርባው ቆሞ ሁሉንም ነገረው። ገዢ እንዳለች፣ ያቀረበችውንም ዋጋ፣ የእሷ ሰው መስሏት እስከ ስንት እንደምትሄድ ነግራው እንደነበር፣ ጥፋቱም የራሱ እንደሆነ። እናቷ ሌሊት ብቻቸውን እንደሚያድሩም ነገረው። ቁጥሩን ብቻ አልተናገረም።

«ቢጠይቁኝ እነግርዎታለሁ፣ የእርስዎ ሰው ነኝና» አለው። «የመጣሁት ግን እንዳይጠይቁኝ ልለምንዎት ነው። ያቀረበችው ዋጋ ላይ ይከራከሩ፣ ይሄን ግን አይጠይቁኝ።»

ሾፌሩ ተነሳና ወንበሩን አዙሮ ፊት ለፊቱ ተቀመጠ። ሰንዱቅ የሰውዬውን ዓይን በቅጡ ሲያይ ያን ጊዜ የመጀመሪያው ነበር፤ ቀላ ያሉ፣ ብዙ መንገድ ያዩ ዓይኖች ናቸው።

«የምገባበት ቤት በየወሩ ነው የሚከፈለው» አለ ሾፌሩ። «ገንዘቤ ሲያልቅ ምን እንደሚያደርጉኝ አልነገሩኝም፣ እኔም ፈርቼ አልጠየቅኩም። ለእሷ እናት አለቻት። ለእናትየው ልጅ አለቻቸው። ለእኔ ማን አለኝ? ያለኸኝ አንተ ነህ፣ ያውም ከፍዬህ።» ጉልበቱን በመዳፉ አሸት አሸት አደረገ። «ሌሊት ብቻዬን ማደርንማ እኔም አውቀዋለሁ። ስንት ነው ያለችህ?»

ሰንዱቅ ነገረው።

ከዚያ በኋላ ያለው እንደማንኛውም ሽያጭ ነው። ሾፌሩ ከዚያች ልክ ንቅንቅ አልል አለ። ነርሷም አልተከራከረችም፣ ምን ብላ ትከራከር? ሌላ ቤት ላለመፈለጓ ምክንያቱን ሰንዱቅ ያውቀዋል፤ እናትየው ከግቢው በር እስከ ማዕድ ቤቱ ሄደው ስቀዋል፣ ያንን ሳቅ መልሳ አምስተኛ ፎቅ ማውጣት አልሆነላትም። ቀብድ ከፈለች፣ ውሉ ተፈረመ፣ ስም ዞረ። ሲፈራረሙ ሰንዱቅን እርስዎ ነበር ያለችው፣ በትህትና፣ ድምፅዋን ከፍ ዝቅ ሳታደርግ።

ሾፌሩ ሁለት ሻንጣውን ይዞ ታክሲ ውስጥ ሲገባ ለሰንዱቅ እጁን ዘረጋለት። እናትና ልጅ ያንኑ ቀን ገቡ። ቁልፉን ሲያስረክብ እናትየው በደስታ ግቢው መሃል ቆመው «ልጄ፣ አንተ ባትኖር ይሄን ቤት ከየት እናገኘው ነበር? እግዜር ውለታህን ይክፈልህ፣ ግባ እንጂ» አሉት። ነርሷ ለእናቷ አልነገረችም ማለት ነው። በሩ ላይ ቆማ «ቸኩሏል እማዬ» አለች። «አዎ፣ ቸኩያለሁ» አለ ሰንዱቅ። የሚሄድበት አልነበረውም። ዞሮ ዞሮ ቢሮው ገብቶ እስኪመሽ ድረስ የመስታወቱን ፎቶዎች ሲነቅልና ሲለጥፍ ዋለ።

አንድ እሁድ ሾፌሩን ልጠይቅ ብሎ አረጋውያን ማረፊያው ሄደ። ሽማግሌው በረንዳ ላይ ጀርባውን ለሰው ሰጥቶ ተቀምጧል። ሰንዱቅ ብርቱካን ይዞለት ነበር። ሾፌሩ ብርቱካኑንም እሱንም አየና «ምነው፣ የጎደለ ነገር አለ እንዴ? ውላችን አልቋል አይደል?» አለው፤ ለክፋት አልነበረም፣ በእርግጥ ግራ ገብቶት ነው። ሰንዱቅ ምንም የጎደለ የለም፣ በዚህ ሳልፍ ነው አለው። ትንሽ አብረው ተቀመጡ። ደግሞ አልሄደም።

በአንፃሩ በነርሷ ሰፈር በኩል ማለፍ አበዛ። መንገዱ ለቤቱ ጠማማ ነው፣ እግሩ ግን በዚያ ይወስደዋል። አምሽቶ ሲያልፍ የማዕድ ቤቱ መብራት በርቶ እናትየው ብቻቸውን ተቀምጠው ያያል፣ የሌሊት ሥራ እንዳልተወች ያኔ ያውቃል። አንድ ሁለቴ በሩን ላንኳኳ ብሎ ቆሟል። ምን ሊላቸው? ጨው ሊበደር? ልጅቱ ለእናቷ ሳትናገር የተወችውን ነገር እሱ እዚያ በመግባቱ ብቻ ውሸት ያደርገዋል። የሰው ገመና ሲጠብቅ የኖረ ሰው አሁን ደግሞ የራሱን በደል እሷ ደብቃ ይዛለታለች። ይሄን ሲያስብ ያፍራል፣ አፍሮም ጉዞውን ይቀጥላል።

ቀን ቀን ሥራውን እንደ ጥንቱ ይሠራል። በር ላይ ቆሞ የሚናገረውን ለማንም አያስቀርም፤ ሻይ ቢሰጡትም፣ ቢስቁለትም፣ ዝናብ ቢወርድም ቀድሞ ይናገረዋል። ሰዎቹም አፋቸውን ይለጉማሉ፣ እሱም መስኮቱ ዘንድ ይቆማል። ቁልፍ ሠሪው አሁን መተረቡን ትቷል። አንዳንዴ ሥራ ሲፈታ መጥቶ አጠገቡ ይቀመጥና ስለ ልጆቹ ያወራዋል፣ ሰንዱቅ ይሰማል፣ ሲጠየቅ «ደህና» ይላል።

ክረምቱ አልፎ፣ ሌላ ክረምትም አልፎ፣ አንድ ቀን ጠዋት አንዲት ሴት ወደ ቢሮው ገባች። ጠና ያለች ናት፣ አገጯና አረማመዷ የሚያውቀውን ሰው አስታወሰው፣ ግን ማንን እንደሆነ ቶሎ አልመጣለትም። ወንበር ሰጣት። ከሌላ ከተማ እንደመጣች፣ እዚህ ያላትን ቤት መሸጥ እንደምትፈልግ ነገረችው። ደላላ እንደምትፈራ፣ ከዚህ በፊት አንዱ ከገዢው ጋር ተሻርኮ ሊጫወትባት እንደነበርም አልደበቀችም።

«እርስዎ ጋ የላከችኝ ታናሽ እህቴ ናት» አለችው። «ነርስ ናት። የራሷን ቤት ስትገዛ ታውቅዎታለች።»

ሰንዱቅ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን እስክሪብቶ አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠው።

«ምን አለችሽ?» አላት።

«ʻየምትሸጪ ከሆነ እሱ ጋ ሂጂ፣ ሌላ ሰው ጋ እንዳትሄጂʼ አለችኝ። ʻየሰማውን ሁሉ ይነግርሻል፣ አንጀቱ እየተላወሰም ቢሆን ይነግርሻልʼ አለችኝ።»

ስለ እናታቸው ሊጠይቃት ፈለገ፣ ሌሊት አሁንም ብቻቸውን ነው ወይ የሚያድሩት ሊላት። ግድግዳው ታድሶ እንደሆነ ሊጠይቅ ፈለገ። ይሄን ሁሉ ማንሳት እህትየው የማታውቀውን መንገር እንዳይሆን ፈራ። አንዲት ጥያቄ ብቻ ነበረች ማንንም የማትጎዳ፣ እሷም ካፉ ለመውጣት ጊዜ ወሰደባት።

«ሰላም በይልኝ አላለችም?»

ሴትዮዋ ልታስደስተው ብላ የሌለ ነገር ልትጨምር የምትችል ነበረች፣ ብዙ ሰው እንዲያ ያደርጋል። እሷ ግን እውነቱን ለማስታወስ ዓይኗን ጣሪያው ላይ አድርጋ አሰበች።

«አላለችም» አለችው።

ሰንዱቅ ራሱን ነቀነቀ። ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋ፣ እንደ ሥራው ወግ ሴትዮዋን እስከ ስንት እንደምትወርድ ጠየቃት፣ እሷም በሩን ዞር ብላ ካየች በኋላ ለማንም ያልነገረችውን ነገረችው።